ላዩ ቪስታ፣ ውስጡን ለቄስ

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው የጀጎል ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ሰምቶ ታክሲና ክላክስ የሚጠብቅ እንግዳ ይሸወዳል። መኪናው የስፌት መኪና ነው። ግርግሩም በመንገዱ ዳር የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ፔዳል ሲረግጡ የሚሰማው ድምፅ ነው። ጣቃ ገዝቶ አዲስ የሚያሰፋ አለ፤ ያለውን አሳጥሮ፣ አጥብቦ፣ ገልብጦ አሰፍቶ "አዲስ" የሚለብስም አለ። በሁለተኛው ሰው ማንም አይፈርድበትም። ኪሱ የፈቀደለትን ነው ያደረገው።

የዛሬው ወጋችን ግን ስለ ጨርቅ አይደለም። ኮምፒውተሮቻችን አንድ ሰሞን ስለለበሱት ልብስ ነው። በሚሊኒየሙ ዋዜማና ማግስት፣ ማለትም በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ውስጡ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሆነ ኮምፒውተር ላዩን ዊንዶውስ ቪስታ ይመስል ነበር። ታስክባሩ ጥቁር መስታወት፣ የስታርት ቁልፉ ክብ፣ በቀኝ በኩል ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ጎን። ያኔ ሕፃናት የነበርን፣ ዛሬ በሃያዎቹ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን "ቪስታ አየሁ" የምንለው ምናልባት ይህንኑ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ተራ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን ይህ ጨዋታ ስለራሳችን የሚናገረው ነገር አለ ባይ ነኝ። ከቪስታ የፈለግነው መስታወቱን ነበር። ቪስታ ለእኛ ይዛ የመጣችው ትልቁ ነገር ግን መስታወቱ አልነበረም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ሽማግሌውን እንተዋወቅ።

በመልኩ ሳይሆን በልኩ

ማይክሮሶፍት ኤክስፒን ለገበያ ያወጣው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 2001) ነው። ከዚያ በፊት የኩባንያው ቤት ለሁለት የተከፈለ ነበር። በአንድ በኩል በአሮጌው ዶስ መሠረት ላይ የቆሙት 95፣ 98 እና ሚሌኒየም ለመኖሪያ ቤት፤ በሌላ በኩል ኤንቲ እና 2000 ለመሥሪያ ቤት። ኤክስፒ የጠንካራውን የኤንቲ ወገን አጥንት ይዞ ለሁለቱም ገበያ ቀረበ። ሉና የሚባል መልክም ተሰጠው፦ ሰማያዊ ታስክባር፣ አረንጓዴ የስታርት ቁልፍ። ከጀርባው ደግሞ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት አረንጓዴ ኮረብታ አለች። በኮምፒውተር የተሳለች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቻርልስ ኦሪር የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ በካሜራ ያነሳት እውነተኛ ኮረብታ ናት።

ኤክስፒ አገራችን ላይ የነገሠው ግን በመልኩ አይደለም፤ በልኩ ነው። ቢያንስ 64 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል፤ 128 ካገኘ ደስ ይለዋል። ከሃርድ ዲስክ የሚጠይቀው 1.5 ጊጋባይት ነው። በውጭ አገር ከአገልግሎት የወጣ ፔንቲየም ሦስትም ሆነ በእርዳታ የመጣ ኮምፒውተር ይህን አያጣም። አንድ ሲዲ ላይ ስለሚያልቅም ከቴክኒሻን ወደ ቴክኒሻን፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየተገለበጠ ዞረ። ሰርያል ቁጥሩ በእስክሪብቶ ሲዲው ላይ ይጻፋል፤ አለቀ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ግን "ፎርማት አድርጉልኝ" ብሎ ፈቃድ ያለው ቅጂ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

በዚህ መንገድ ኤክስፒ በአዲስ አበባም፣ በሐረርም፣ በባሕር ዳርም አንድ ዓይነት ሆነ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የሁሉም ሰው ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሲሆን የኔን ከሱ የሚለየው ምንድን ነው? ወጣት ደግሞ መለየት ይወዳል።

ቪስታ መጣች

ቪስታ ከመምጣቷ በፊት ወሬዋ መጣ። ያኔ በውስጥ ስሟ ሎንግሆርን ትባል ነበር። ሥራው ሲጓተት ኖሮ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004 ማይክሮሶፍት የተከመረውን አብዛኛውን ነገር ትቶ እንደ አዲስ ለመጀመር ተገደደ። በዚህ መሀል ግን የሙከራ ቅጂዎች ሾልከው ወጡ፤ ፎቶዎቹም በዓለም ዙሪያ ተሰራጩ። ፎቶ ያየ ልብስ ሰፊ ደግሞ እጁ አያርፍም። ሎንግሆርን ገና ሳትጨርስ፣ ስሟም ቪስታ ሳይባል፣ ኤክስፒን እሷን የሚያስመስሉ ልብሶች ተሰፉ። ሙሽራዋ ሳትመጣ ቬሎዋ ከተማውን ዞረ ማለት ነው።

ራሷ ሙሽራዋ ለሕዝብ የቀረበችው ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 2007) ነው። ጥሎሿ ግን የሚቀመስ አልነበረም። ለመነሳት ብቻ 512 ሜጋባይት ራም ትፈልጋለች። ኤሮ የሚባለውን ያንን ሁሉም የወደደውን መስታወት ለማሳየት ደግሞ 1 ጊጋባይት ራም፣ ቢያንስ 128 ሜጋባይት የራሱ ሚሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድና 15 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ትጠይቃለች። አልቲሜት የተባለው ከፍተኛው እትም አሜሪካ ውስጥ በ399 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዶላር ወደ 9 ብር ገደማ በነበረበት በዚያ ዘመን ወደ 3,500 ብር መሆኑ ነው።

"ገልብጠን እንጭናለን" ለሚለውም መንገዱ ጠባብ ነበር። የቪስታ ዲቪዲ 2.5 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። በስልክ መስመር በሚሠራው 56 ኪሎቢት ኢንተርኔት፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥና በሙሉ ፍጥነቱ ሲሄድ፣ ይህን ለማውረድ አራት ቀንና ሌሊት ይፈጃል። መስመር ሳይቆረጥ አራት ቀን? እንሳሳቅ ካላልን በስተቀር። በአንጻሩ ኤክስፒን ቪስታ የሚያስመስለው ጥቅል ጥቂት አስር ሜጋባይት ነው። ሠላሳ ብንል በዚያው መስመር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ደግሞ ሲዲና ፍላሽ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። አንደኛው መንገድ አዲስ ኮምፒውተር ይጠይቃል። ሁለተኛው አንድ ሰዓት። ማን ይፈረድበታል?

ልብሱ እንዴት ተሰፋ?

ልብስ ማልበሱ በቪስታ አልተጀመረም። ስታርዶክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውብላይንድስ በሚል ስም የዊንዶውስን መልክ የሚቀይር ሶፍትዌር መሸጥ የጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ኤክስፒ ሲወጣም 98 እና 2000ን ኤክስፒ የሚያስመስሉ ነበሩ። የቪስታው ሰሞን የሚለየው በስፋቱና በጥልቀቱ ነው።

ኤክስፒ በራሱ ልብስ የመቀየር ችሎታ ነበረው። መልኩ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ያንን ፋይል በሌላ ብትተኩት መስኮቶቹ ሁሉ ሌላ ይመስላሉ። ማይክሮሶፍት ግን በር ላይ ዘበኛ አቁሟል። ዘበኛው ዩኤክስቲም የሚባል የሲስተም ፋይል ነው። የማይክሮሶፍት ፊርማ የሌለበትን ልብስ "አታልፍም" ይላል። ሉናን በሰማያዊ፣ በወይራ አረንጓዴና በብርማ ቀለም መልበስ ይቻላል፤ ከዚያ ውጪ የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዘበኛውን ማለማመድ ነበር። ፋይሉን ከፍቶ ፊርማ የምትመረምረዋን ቦታ ማደንዘዝ። ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ኤክስፒ የተነካ የሲስተም ፋይል ሲያገኝ ከጓዳው ደብቆ ካስቀመጠው ንጹሕ ቅጂ አውጥቶ መልሶ ይተካዋል። የጓዳውንም ቅጂ አብሮ መቀየር ግድ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ጥልፉ ነው። ሪሶርስ ሃከር በሚባል መሣሪያ በፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ያሉ አይከኖችና ሥዕሎች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የቪስታዎቹ ይገባሉ። የመግቢያው ገጽ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታየው ሥዕል፣ የመዳፊቱ ቀስት፣ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ይቀየራል።

ይህን ሁሉ በእጁ የሚሠራ ትዕግሥተኛ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ዊንዶውስ ኤክስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰው ያዘጋጀው ቪስታ ትራንስፎርሜሽን ፓክ ዓለምን ያዳረሰው። ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ "ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ" አደረገው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል።

ለብዙ ልጆች ይህ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ትምህርት ቤት እንደነበር መካድ አይቻልም። የሲስተም ፋይል ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲበላሽ እንዴት እንደሚመለስ የተማሩት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይደለም፤ ልብሱን ሲያለብሱ ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሏቸው፣ በድንጋጤ ላብ እያላባቸው ነው።

ውስጡን ለቄስ

አሁን ከልብሱ ስር እንይ። ቪስታ መስኮቶቿን የምታሳልፈው ቀለም ስለተቀባች አይደለም። በኤክስፒ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይሥላል፤ ከጀርባው ማን እንዳለ አያውቅም። አንዱ መስኮት ሲነሳ ከስር ያለው ራሱን እንደገና መሣል አለበት። ፕሮግራም ሲደርቅ መስኮት ስንጎትት እንደ ካርታ ተደራርቦ የሚቀረው ዱካ ትዝ ይላችኋል? ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከስር ያለው ፕሮግራም ደርቋልና ራሱን የሚሥልበት አቅም አጥቷል።

ቪስታ ይህን ከሥሩ ለወጠችው። እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው በሚሞሪ ውስጥ የራሱ ገጽ ላይ ይሣላል፤ ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ ገጾቹን አደራርቦ ስክሪኑ ላይ ያወጣቸዋል። አደራርቦ ስለሚያወጣ ነው የላይኛው የታችኛውን ማሳየት የሚችለው። መስታወቱ የአዲሱ አጥንት ውጤት እንጂ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ደኅንነትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ፕሮግራም ሲስተሙን ሊነካ ሲል ቆሞ ፈቃድ የሚጠይቀው ያ ሁሉም የጠላው ሳጥን የመጣው ከቪስታ ጋር ነው።

ኤክስፒ ላይ የለበሰው መስታወት ግን ወይ ቀለም ነው፣ ወይም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ከጀርባ ያለውን በየቅጽበቱ ፎቶ እያነሳ የሚለጥፈው ነው። ጎን ላይ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ፕሮግራም፣ የሚያሳልፈው ጠርዝ ሌላ ፕሮግራም፣ ክቡ ቁልፍ ሌላ ፕሮግራም። 256 ሜጋባይት ያላት ምስኪን ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ተሸክማ ታቃስታለች። የበለጠ ዘመናዊ በመሰለች ቁጥር የበለጠ አረጀች። ላዩ ቪስታ፣ ውስጡን ለቄስ።

ፈረንጆቹስ ቢሆኑ ከዚህ ነጻ ነበሩ? ቪስታ ከመውጣቷ በፊት በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ "ለቪስታ ብቁ" የሚል መለያ ይለጠፍ ነበር። ከነሱ ብዙዎቹ ግን መስታወቱን ማሳየት የማይችሉ፣ ተራውን እትም ብቻ የሚሸከሙ ሆነው ተገኙ። ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያትል በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማይክሮሶፍትን ከሰሱ። ክሱ የሁሉም ገዢዎች የጋራ ክስ ሆኖ እንዲቀጥል ተፈቅዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ዳኛዋ ያንን ፈቃድ አነሱ። የኛ ልጅ ያለበሰው ልብስ ቢያንስ ለማንም በዋስትና አልተሸጠም።

መለያ ከተነሳ የጀጎሉ ራምቦ ቤት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከእ.ኤ.አ. 1880 ጀምሮ እየተመላለሰ ሐረር ኖሯል፣ ነግዷል። እ.ኤ.አ. በ1891 አረፈ። ስሙን የያዘው ያማረ የእንጨት ቤት ግን ከሱ ሞት በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። መለያው ሌላ፣ ቤቱ ሌላ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ከውጭ ተራ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን ነደባ የሚባሉት ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ቀያይ መደቦች፣ በግድግዳው የተሰቀሉ ስፌቶችና ሳህኖች ይቀበሏችኋል። ውበቱ ለመንገደኛ ሳይሆን ለገባ ሰው ነው።

የቪስታ ዕጣ ፈንታ የበለጠ ያስቃል። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ቪስታ የመጣችለት ሰው "ትከብዳለች፣ ፕሪንተሬን አታውቅም" ብሎ ኤክስፒ ያስጭናል። ኤክስፒ ያለው ደግሞ ቪስታ ያስለብሳል። ሁለቱ አንድ ቴክኒሻን ዘንድ ተገናኝተው መልካቸውን ቢለዋወጡ ይቀል ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ዊንዶውስ 7 ወጣ፤ ቪስታም ተረሳች። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 2014) አቆመ፤ ለቪስታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 2017።

ፊደል የለበሱ ላቲኖች

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሳቅ ብለን እንለያይ ነበር። ነገር ግን ኤክስፒ ቪስታን ከመልበሱ ከብዙ ዓመት በፊት በኮምፒውተሮቻችን ውስጥ ሌላ ልብስ ለባሽ ነበር። እሱም ፊደላችን ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበራቸው፤ ቦታዎቹም ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተመድበዋል። የኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹና ከነቁጥሮቹ ከ300 ያልፋል። ታዲያ እንዴት እንጻፍ? የሶፍትዌር ሰዎቻችን ዘዴ ፈጠሩ። የላቲኑን ፊደል ቦታ ሳይነኩ መልኩን ብቻ ቀየሩት። ኮምፒውተሩ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈ ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የግዕዝ ፊደል ነው። ቦታ ሲጠባቸው ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው አስቀመጡት። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ የነገሡት በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህን ሰዎች ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የ1990ዎቹ ጋዜጦቻችን፣ የቢሮ ደብዳቤዎቻችን፣ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በታይፕ መሣሪያ በቀሩ ነበር። ግን ሥራው በባሕርዩ ከቪስታው ልብስ አይለይም፦ ላዩ አማርኛ፣ ውስጡ ላቲን። ፋይሉን ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ልብሱ ይወልቃል፤ የእንግሊዝኛ ፊደላትና የምልክቶች ጥርቅም ይሆናል። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ ሁሉም የየራሱን ቁጥር ነውና የሰጠው። "ሐረር" ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ፋይል ውስጥ "ሐረር" የሚል ቃል አያውቅም። ስም ዝርዝር በሀ ሁ ቅደም ተከተል አደራጅ ብትሉት በላቲኑ ቁጥር ያደራጃል።

መፍትሔው ቀድሞ መጥቶ ነበር። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የማይጋጭ የየራሳቸው ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም 345 ቦታ ተሰጥቶት ገባ። ከዚያ ወዲያ "ሐ" በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም አገር "ሐ" ነው። አማርኛም፣ ትግርኛም፣ በዚሁ ፊደል ሲጻፍ ሐረሪኛም ከላቲን ልብስ ነጻ ወጡ። ኤክስፒ ራሱ ዩኒኮድን ያውቅ ነበር። ግን ከፋብሪካው አንድም የግዕዝ ፎንት አልተሰጠውም። ስለዚህ የአማርኛ ገጽ ስትከፍቱ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ይደረደራሉ። ጂኤፍ ዘመን ዩኒኮድን፣ ኢትዮፒያ ጅረትን ወይም አቢሲኒካን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ካልጫናችሁ ማንበብ የለም።

ቪስታ ምን ይዛ መጣች? በባሌ ተራሮች በምናውቀው እንስሳ ስም የተሰየመች ኒያላ የምትባል የግዕዝ ፎንት እና የአማርኛ ኪቦርድ። ዊንዶውስ ሳንለምነው፣ ሳናለብሰው፣ ከፋብሪካው ወጥቶ ፊደላችንን ሲያነብና ሲጽፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ለኛ የቪስታ አዲስነት ይህ ነበር።

እና እኛ ምን ወሰድን? ኤክስፒን ቪስታ የሚያደርጉት ልብሶች ብዙዎቹ ሴጎ የተባለውን የቪስታ የላቲን ፎንት ይጠይቁ ነበር፤ ያለሱ መልኩ አይሟላም። ኒያላ ግን ለመልኩ አታስፈልግም። ስለዚህ መስታወቱ መጣ፣ ክቡ ቁልፍ መጣ፣ ድምፁ መጣ፤ ፊደሉ ቀረ። ቪስታ መስሎ የተቀመጠው ኤክስፒ አማርኛ ገጽ ሲከፈትለት ያችኑ ባዶ ሳጥን ያሳያል። አንዲት የፎንት ፋይል ብትገለበጥለት እኮ ማንበብ በቻለ! ከጠቅላላው ልብስ ይልቅ ቀላል፣ ለአሮጌ ኮምፒውተርም ምንም የማትከብድ ነበረች።

ቅዱም ቅጠሉም

አሮጌን ነገር አዲስ ማልበስ በራሱ ክፉ ነው ለማለት አልዳዳኝም። ጀጎል ራሷ ይህን በክብር የምትሠራበት ሙያ ነበራትና። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ተቀመጠ። ሰውየው ራሱ የማስመሰል ጌታ ነው። የዓረብ ነጋዴ መስሎ በሱማሌ በረሃ ተጉዞ፣ ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ ልብሱን አውልቆ "እንግሊዛዊ ነኝ" አለ፤ ያቀረበው የመንግሥት ደብዳቤ ግን ራሱ የጻፈው ሐሰተኛ ነበር። ይህ ጠርጣራና ተቺ ሰው ከሐረር ካደነቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የመጽሐፍ አጠራረዟ ነው።

የሐረር ጠራዥ የሚሠራውን አስቡት። በእጅ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ይመጣለታል። ቆዳው ተበልቷል፣ ክሩ ተበጥሷል፣ ቅጠሎቹ ሊበተኑ ነው። አዲስ ቆዳ ያለብሰዋል፣ ማኅተም ያትምበታል፣ ያማረ ያደርገዋል። ላዩ አዲስ ነው። ግን ያ አዲስ ቆዳ የተሰፋው ውስጡን ለመደበቅ አይደለም፤ ለሚቀጥለው አንባቢ ለማድረስ ነው። ቅጠሉ ከሌለ ቅዱ ምንም አይደለም። ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘውን የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በእጅ የተጻፉትን መጻሕፍት ሰብስበው፣ የጥረዛውንም ሙያ መልሰው ያነሱት ለዚህ ነው። በእነዚያ ቅጠሎች ላይ ሐረሪኛው ራሱ በዓረብኛ ፊደል ተጽፎ ይነበባል።

አሁን ወደ እኛ ዘመን መጽሐፍ እንመለስ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተጻፈው የኮምፒውተር ጽሑፋችን፣ ጋዜጣው፣ የጥናት ወረቀቱ፣ የወረዳው ቃለ ጉባኤ፣ የአባቶቻችን ያልታተመ ማስታወሻ፣ አሁንም በየሃርድ ዲስኩና በየሲዲው ላይ ፊደል ለብሶ ተቀምጧል። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ይጠፋል። ሲዲው ቢተርፍ፣ ፋይሉ ቢከፈት እንኳ የሚነበብ ነገር አይኖርም። የሦስት መቶ ዓመት የእጅ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል፤ የሃያ ዓመት የኮምፒውተር ጽሑፍ ግን ቁልፉ ጠፍቶበት ዲዳ ይሆናል። ጋዜጠኝነት ተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝና ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። የትናንት ጋዜጣ በፍለጋ ካልተገኘ ትናንት የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ሥራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። በቤታችሁ ያለ የቆየ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቱ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ጽሑፍ ካያችሁ አትደምስሱት፤ አማርኛ ነው። መጀመሪያ የተጻፈበትን ፎንት ስም ፋይሉ ውስጥ እዩ፤ ያ ስም ቁልፉ ነው። ፎንቱን ፈልጋችሁ ከፋይሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ከአሮጌው ፎንት ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይሩት፣ ከዋናው ጋር አስተያዩት፣ የተሳተውን አርሙት። ዋናውንም አትጣሉ። የሐረር ጠራዥ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እናንተ ክርና ቆዳ አለመያዛችሁ ብቻ ነው።

ማስመሰሉ ራሱ አልሞተም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ካላየ ብዙ ደኅና ኮምፒውተሮችን አልቀበልም ይላል። ታስክባሩን ወደ መሀል አምጥቶ፣ የመስኮቱን ጠርዝ አለስልሶ 10ን 11 የሚያስመስለው ሰውም እነሆ ሥራ ላይ ነው። ያልብስ፤ ደስ ይበለው። የደኅንነት ጥገናው ግን ከልብሱ ጋር እንደማይመጣ ይወቅ። አዲስ መልክ በሰጠነው ቁጥር "ከአዲሱ ውስጥ ለእኔ የተሠራው የትኛው ነው?" ብለን ብንጠይቅ አይከፋም። በ1999 ዓ.ም. ይህን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ መስታወቱን ትተን ኒያላን እንወስድ ነበር።

ቸር እንሰንብት።